ፋኖሱ ቤንዚን አልጎደለውም ነበር

ለቤት ሠራተኝነት ሳውዲ ኾበር በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተማርኳቸው የአረብኛ ቃላት ሁሉ ቶሎ የጠቀመችኝ «አነ ነሲት» ናት። ረሳሁ ማለት ነው። ሩዙ ቢያር፣ የልጁ ካልሲ አንዱ ቢጠፋ፣ ሌላ ሰው በር ሳይዘጋ ወጥቶ ድመት ብትገባ፣ «አፍዋን ማዳም፣ አነ ነሲት»፣ ይቅርታ ረስቼ ነው እላለሁ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማን ነው፣ እንዴት ነው የሚል ክርክር የለም። ማዳም ትንሽ ትነጫነጫለች፣ እኔ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ። አብራኝ የመጣች አንዲት ልጅ ጥፋቱ የሷ አለመሆኑን ለማስረዳት ስትሞክር አይቻለሁ። አረብኛው አልበቃትም፤ እውነቷ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረባት። ስትጮህ ጊዜ ባለጌ ተባለች። እኔ አጭሩን መንገድ ያዝኩ። የኔ ያልሆነውንም የኔ ነው እያልኩ በሰላም ኖርኩ። እንደ ትልቅ ብልጠት ነበር የማየው፤ አዲስ ለሚመጡ ልጆችም እመክር ነበር። ይቺ ብልጠቴ ናት ሰው ልትገድልብኝ የነበረችው።

ቤቱ አል ራዋቢ የሚባል ሰፈር ነው። ካፊሌ፣ ማለትም ያስመጣኝ አሠሪዬ፣ እና ማዳም ከልጆቻቸው ጋር ትልቁ ቪላ ውስጥ ናቸው። የካፊሌ አባት፣ እኔ ባባ ከቢር የምላቸው ሽማግሌ፣ ግቢው ጥግ ላይ ባለችው ክፍል ለብቻቸው ይኖራሉ። እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ምላሳቸው ግን ጤነኛ ነው። ወሬ ይወዳሉ። እኔም ወሬ እወዳለሁ። ልጆቻቸው የሰሙትን ታሪክ ሁሉ እንደ አዲስ የምሰማቸው እኔ ስለነበርኩ ተስማማን።

ክፍላቸው ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ አለ፤ እላዩ ላይ ፋኖስ ብቻ ነው። በአረብኛውም ፋኑስ ነው የሚባለው፤ ያን ቀን ደስ ያለኝን አልረሳም፣ ከማላውቀው ቋንቋ መሀል የአገሬን ቃል ሳገኝ። እነዚህ ግን እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ከምናበራው የተለዩ ናቸው። ከታች የነሐስ ሆድ፣ መሀሉ ወፍራም መስታወት፣ ከላይ ረጅም የብረት ቆብ፣ ጫፉ ላይ መንጠልጠያ። ብርሃናቸው ትንሽ ነው፤ ክብደታቸው ግን እንደ ድንጋይ።

«ይሄ የማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ነው» አሉኝ መጀመሪያ እንድወለውል ሲሰጡኝ። «ለማብራት ብቻ የተሠራ እንዳይመስልሽ።»

«ለሌላ ለምን ይሆናል ታዲያ?»

«ቁጭ በይ።»

ቁጭ በይ ካሉ ሥራዬ ተበላሸ ማለት ነው። ግን ቁጭ አልኩ።

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው አሉ፣ እንግሊዝ አገር ከሰል የሚወጣው ከምድር ሥር ነው። ጨለማ ስለሆነ ሻማ ይዘው ይገባሉ። ከድንጋዩ መሀል ደግሞ የማይታይ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከሻማው ጋር ሲገናኝ ጉድጓዱ ከነሰዎቹ ይነዳል። ሻማ ፈርተው የበሰበሰ ዓሣ ቆዳ ይዘው የገቡም ነበሩ፤ የበሰበሰ ዓሣ በጨለማ ትንሽ ያበራል አሉኝ።

«ሽታውን እንዴት ቻሉት ባባ?»

«ከመቃጠል ይሻላል ያ ቢንቲ፣ ልጄ።»

ከዚያ በአንድ ሰሞን ሦስት ሰዎች፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ስለ ጋዝና ስለ እሳት የሚመራመር ምሁር፣ አንዱ ደግሞ የማዕድን ጉድጓድ ሞተር የሚጠግን ሠራተኛ፣ እየተፎካከሩ እሳቱን የሚያስር ፋኖስ ሠሩ። ማን ቀደመ በሚለው ብዙ ተጨቃጨቁ። እኔ ወዲያው ለሞተር ሠራተኛው አደላሁ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ከወንድሞቼ ደብተር ላይ ነው ማንበብ የተማርኩት፤ እንዲህ ያለ ፉክክር ስሰማ ልቤ የት እንደሚቆም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ባባ ከቢር ገብቷቸው ሳቁብኝ።

ምስጢሩ ወንፊት ነው። እውነቴን ነው፣ ወንፊት። ዱቄት እንደምንነፋበት ያለ፣ ግን ዓይኑ በጣም የጠበበ የሽቦ ወንፊት በእሳቱ ዙሪያ ይደረጋል። አየር ይገባል፣ ጭስ ይወጣል፤ ነበልባሉ ግን ሽቦው ሙቀቱን ስለሚበላበት አልፎ አይወጣም። አላመንኳቸውም። ሻማ አስለኮሱኝና ቁራጭ ወንፊት ከላይ አስደፉኝ። ነበልባሉ ከወንፊቱ ሥር ተጨፍልቆ ቀረ፤ አንድ ጣት እንኳ ወደ ላይ አልዘለቀም። እኔ ደግሞ ደጋግሜ ስሞክረው ማዳም ከትልቁ ቤት እስክትጣራ ድረስ እዚያው ነበርኩ።

እውነተኛውን ከጌጡ መለየትም አስተማሩኝ። ደማም ሐራጅ ገበያ ሰው ልከው ከሚያስገዙት መሀል ግማሹ ለቱሪስት የተሠራ ነው።

«ቁልፉን እይ» ይሉኛል። «ቁልፍ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው የሱቅ ጌጥ ነው። እውነተኛው ይቆለፋል፤ ቆፋሪው ሲጋራ ላቀጣጥል ብሎ እንዳይከፍተው።»

«ጋዝ መሀል ቆሞ ሲጋራ የሚያቀጣጥል አለ?»

«ሰው ነዋ። ቀጥዪ። ወንፊቱ ስንት ነው?»

«ሁለት፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ።»

«ጥሩ። ሆዱ ላይስ?»

ሆዱ ላይ የሠሪው ሰሌዳ፣ ከሰሌዳው አጠገብ የተቀጠቀጠ ቁጥር ይኖራል። እያንዳንዱ ቆፋሪ ሲወርድ በቁጥሩ ፋኖስ ይወስዳል፣ ሲወጣ ይመልሳል። ማታ አንድ መንጠልጠያ ባዶ ከሆነ አንድ ሰው ከምድር ሥር ቀርቷል ማለት ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩን በሎሚና በአሸዋ እንዳልፈትገው ያስጠነቀቁኝ።

ባባ ከቢር ግን ከሰል አይተው አያውቁም። ወጣት ሳሉ ሥራቸው የነዳጅ ታንከር ላይ ነበር። ባዶ ታንከር ሊጠገን ሲል ሰው ከመግባቱ በፊት እሳቸው ይህን ፋኖስ በገመድ ወደ ውስጥ ያወርዳሉ። የሚቃጠል ጋዝ ካለ ነበልባሉ ይረዝምና አናቱ ላይ ሰማያዊ ቆብ ያወጣል። አየሩ የሞተ ከሆነ፣ የሰው ሳንባ የሚፈልገው ነገር ያለቀበት ከሆነ፣ ነበልባሉ ይኮማተርና ይጠፋል። «እሱ የጠፋበት ቦታ ሰው አይገባም» ይሉ ነበር። በኋላ ቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ መጣ፣ ፋኖሱም ጡረታ ወጣ፤ እሳቸውም ጡረታ ሲወጡ አንዱን ስጦታ ተሰጣቸው። መሰብሰብ የጀመሩት ከዚያ ነው።

«አሁን ማንም አይጠቀምበትም ማለት ነው?»

«የሚጠቀሙ አሉ። አየር ለማየት ይዘውት የሚወርዱ አገሮች አሉ። የትልልቅ ስፖርት ውድድር የችቦ እሳት ሳይጠፋ ከአገር አገር በአውሮፕላን የሚሄደውም በዚህ ውስጥ ነው።»

«እሳት በአውሮፕላን? እኔን ሽቶ እንኳ ቀምተው ነው ያሳፈሩኝ ባባ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከመደርደሪያው አንዷን ብቻ ነበር በሥራ የምናቆያት። እሷን ሐሙስ ሐሙስ እፈታታለሁ፣ ወንፊቱን በብሩሽ አጸዳለሁ፣ ከባቃላ፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ የምናስመጣውን የላይተር ቤንዚን በሥሯ እሞላለሁ። ጎኗ ላይ ያለችውን ማዞሪያ ሲያሽከረክሯት መስታወቱ ሳይከፈት ከውስጥ ብልጭ ብላ ትበራለች።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። በፈረንጆቹ 2016 ነው፤ ረመዳን ሊገባ የቀሩት ቀናት ትንሽ ናቸው፣ ሙቀቱ ጀምሯል። ከጀርባችን የካፊሌ የሆነች ትንሽ ቪላ አለች፤ ከዓመት በላይ ተከራይ አጥታ ተዘግታ ቆይታለች። ተከራይ ተገኘና ከረመዳን በፊት እገባለሁ አለ። ስለዚህ ከግቢው ሥር የተቀበረው ኸዛን፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ መጽዳት ነበረበት።

ለዚህ ሥራ ከደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የተላከው የወሎ ልጅ ነው። የፓምፕና የኸዛን ጥገና ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ የኛንም ዲናሞ፣ የውሃ መሳቢያውን፣ የሚጠግነው እሱ ነው። በመጣ ቁጥር ከኩሽናው መስኮት ሥር ቆሞ ሲያሾፍብኝ ነው የሚውለው። «አፍዋን» ማብዛቴን ሰምቶ ስም አውጥቶልኛል።

«እመት አፍዋን፣ ዛሬስ ምን ሰበርሽ?»

«እስካሁን ምንም። አንተን እያሰብኩ ነው።»

«እኔን ዲናሞው ቀድሞሽ ሰባብሮኛል። ይልቅ ውሃ ስጪኝ እንዳልልሽ ዛሬ ጾመኛ ነኝ።»

«ረመዳን መቼ ገባና?»

«ከረመዳን በፊት የሚጾም ሱና አለ፤ አንቺ የሁዳዴ ሴትዮ ስለ ጾም ትነግሪኛለሽ እንዴ?»

የዚያን ቀን ደስ ብሎት ነበር። አገር ቤት እጮኛ አለችው፤ ለዒድ ፈቃድ ወስዶ ሄዶ ኒካህ ሊያስር ነው። ቤተሰቧ አስቸጋሪ እንደሆኑ፣ ስለ ጤናውና ስለ ዘሩ ጠይቀው ጠይቀው በመከራ እሺ እንዳሉት ሲነግረኝ በሳቅ ነበር።

የኸዛኑን ክዳን ሲያነሱት ባባ ከቢር በወንበራቸው ሆነው መጡ። ፋኖሱ ይውረድ አሉ።

«ያባ፣ የውሃ ኸዛን እኮ ነው» አለ ካፊሌ። «የነዳጅ ታንከር አይደለም።»

«ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ከሥሩ ዝቃጭ ይዟል። ይውረድ።»

ካፊሌ አባቱን ያከብራል፤ ግን ሰዓቱን እያየ ነው። ኸዛኑ እንደጸዳ የሚሞላው ዋይት፣ የውሃ ቦቴው፣ ታዝዟል። እኔ ማለዳ ላይ ሞልቼ ያዘጋጀኋትን ፋኖስ ይዤ መጣሁ። ማዞሪያዋን አሽከረከርኩ፣ በራች። በገመድ ቀስ ብዬ አወረድኳት። መጀመሪያ ደህና ነበረች። ትንሽ እንደወረደች ነበልባሏ አጠረ፣ ቀላ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ዓይን ጭልም ጭልም አለና ጠፋ። ጎትቼ አወጣኋት።

«ምን ሆነች?» አለ ካፊሌ፤ አየኝ።

ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም። አልተቆጣም። አየኝ ብቻ። በዚያ ቤት ሰው ሲያየኝ አፌ ራሱ ነው የሚሠራው።

«አፍዋን፣ አነ ነሲት» አልኩ። «ቤንዚን አልሞላሁባትም።»

ባባ ከቢር ግንባራቸውን ቋጠሩ። «አልሞላሽባትም?»

«ነሲት ባባ።»

«እንግዲያው ሞልተሽ አምጪና እንደገና ይውረድ።»

በዚህ መሀል ዋይቱ በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ካፊሌ እጁን አወዛወዘ። የወሎው ልጅ ሁላችንንም አየና እኔ ላይ ፈገግ አለ፤ ሱሪውን ጠቅልሎ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ባባ» አለ፣ «እሷ እስክትሞላ እኔ ጨርሼ እወጣለሁ።» ባባ ከቢር እሺ አላሉም፤ እምቢም አላሉም። «ቢያንስ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰር» አሉ። ታሰረ። ወረደ።

እኔስ? እኔ ውሸቴን እውነት ለማስመሰል ወደ ባባ ከቢር ክፍል ሄድኩ፤ ሙሉ ፋኖስ ልሞላ። ማርያምን፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩም። ስድብ ከመጣ እንዴት እንደማሳልፈው ነበር የማስበው። የሥሯን ክዳን ፈትቼ ጣሳውን ዘንበል ሳደርግ ቤንዚኑ ገና ሳይገባ ሞልቶ በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ቀዝቃዛ ነው፣ ቶሎ ይተናል። እጄን እያየሁ ቆምኩ። ሞልታ ከነበረ በምን ጠፋች?

ስሮጥ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ቀረ።

«አውጡት! አየር የለም፣ አውጡት!» እላለሁ። በአማርኛ ነው የምለው። ካፊሌ ምን ሆነች ብሎ ያየኛል። አረብኛው በሙሉ ከአፌ ጠፍቷል፤ «ነሲት» ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ እሷን ደግሞ በጥርሴ ያዝኳት። በእጄ ወደ ኸዛኑ አመለከትኩ። ካፊሌ ጎንበስ ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። እንደገና ተጣራ። ባልዲው ከሥር በቀረው ውሃ ላይ ሲንቦጫረቅ ብቻ ይሰማል።

ካፊሌ ሊወርድ መሰላሉን ሲይዝ ባባ ከቢር ከወንበራቸው ሊወድቁ እስኪደርሱ ተንጠራርተው ቶቡን፣ ረጅሙን ቀሚሱን፣ ጨመደዱ።

«አትወርድም።»

«ሰው እየሞተ ነው ያባ!»

«አንተ ስትወርድ ሁለት ይሞታል። ገመዱን ሳብ።»

ካፊሌ፣ የዋይቱ ሾፌርና እኔ ገመዱን ሳብን። እንዲያ ያለ ክብደት አንስቼ አላውቅም፤ ሰው ራሱን ካልረዳ እንዴት ከባድ ነው። ጭንቅላቱ ከክዳኑ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ወጣ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ባባ ከቢር አንገቱን ቀና አድርጉ፣ አፉን ጥረጉ፣ ከፊቱ ዞር በሉ እያሉ ያዛሉ። የሆነ ጊዜ ላይ፣ እኔ በልቤ ጸሎት ከጀመርኩ በኋላ፣ ደረቱ ተነሣ። ከዚያ አስታወከ። ማስታወኩን ሳይ አለቀስኩ።

ባባ ከቢር ክዳኑን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። አምቡላንስ መጥቶ ልጁን ወደ ደማም ወሰደው። ካፊሌ ተከትሎ ሄደ። ሐኪሙ ምን ገጠመው ሲለው «ጾመኛ ነበር፣ ሙቀቱ ጣለው» አለ። ክፋት አይደለም፤ የመሰለውን ነው ያለው። ፋኖሷ የጠፋችው ቤንዚን ስለሌላት ነዋ። እኔ ነኝ የነገርኩት።

በማግስቱ ምሳ ሳቀርብ ካፊሌ ለማዳም ሲነግራት ሰማሁ። የወሎው ልጅ ነቅቷል፣ ያወራል፣ ግራ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። አሠሪው መጥቶ አይቶታል። ይህ ሰው የሚጥል በሽታ አለበት፣ ደብቆኝ ነው፣ ከሆስፒታል ሲወጣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቼ ወደ አገሩ እልከዋለሁ ብሏል።

«መስኪን» አለች ማዳም። «ግን እውነቱን ነው፣ በሽተኛ ኸዛን ውስጥ አይላክም።»

እኔ ሰላጣውን ይዤ ቆሜያለሁ። እዚህ ከሥራ መባረሩ አንድ ነገር ነው። የሚጥለው ተብሎ አገሩ ሲመለስ ግን እነዚያ ስለ ጤናው ሲጠይቁ የከረሙ የእጮኛው ቤተሰቦች በራቸውን አይከፍቱለትም። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ ልጅ ልጅ ድረስ ነው። ሰውየው ደግሞ ምንም የለበትም።

እንዲያም ሆኖ ሰላጣውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከሰዓት ለባባ ከቢር ሻይ ስወስድ ፋኖሷ ጠረጴዛው ላይ እየነደደች አገኘኋት። እሳቸው ከፊቷ ተቀምጠዋል፤ ቁርኣናቸው ጭናቸው ላይ ተዘግቷል።

«ከዙህር ሶላት ጀምሮ እየነደደች ነው» አሉ። «እኔ ምንም አልጨመርኩባትም። አንቺ ትናንት ሞላሽባት?»

አፌን ከፈትኩ። «ነሲት» ልትል የተዘጋጀች ምላስ ናት፤ ያዝኳት።

«ትናንት ልጨምር ስል ፈሰሰ ባባ። ማለዳ ሞልቻት ነበር።»

«ሞልተሻት ነበር።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ረሳሁ አልሽ?»

«ልጅዎ አየኝ።»

«ስላየሽ?»

«ስላየኝ።»

ስድብ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረግሽው?» አሉኝ።

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፉት። «እኔም አለሁበት» አሉ። «ማዞሪያዋን አንዴ አሽከርክሪያት ብልሽ እዚያው ትበራ ነበር፤ ቤንዚን እንዳላት እናይ ነበር። ስንቱን ወጣት ነው፣ ፋኖሱ ሲጠፋ የያዘውን ሰው ቃል አትመኑ፣ መልሳችሁ ለኩሱና መልሳችሁ አውርዱ እያልኩ ያስተማርኩት። ትናንት አፌ ላይ ነበረች። ልጄ ቸኮለ፣ እኔም ሽማግሌ አሰልቺ እንዳልባል ዝም አልኩ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄን ጥሪው። በራስሽ አፍ ንገሪው።»

«ባባ፣ ወደ አገሬ ይልከኛል።»

«ሊልክሽ ይችላል» አሉ። አይልክሽም ብለው አላታለሉኝም።

ጠራሁት። ቆሜ ነገርኩት። አረብኛዬ ሲንተባተብ ባባ ከቢር አላገዙኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁ። ካፊሌ መጀመሪያ ፋኖሷን አየ፣ ቀጥሎ መሬቱን።

«ለሐኪሙ ጾም ነው ብያለሁ እኮ» አለ። «ለአሠሪውም።»

«እንግዲያው አሁን አይደለም በለው» አሉት አባቱ።

የወሎው ልጅ አሠሪ ካፊሌ በስልክ ሲነግረው አላመነም። የሕክምና ወጪውን እንዳይጠየቅ ብሎ ሠራተኛው የፈጠረው ወሬ ነው የመሰለው። በሦስተኛው ቀን ባባ ከቢር አስመጡት። ክዳኑ በፊቱ ተነሣ፤ ፋኖሷን ጓሮ ላይ አብርቼ ሰጠሁ፣ ካፊሌ ራሱ አወረዳት። አጠረች፣ ቀላች፣ ጠፋች። አወጣት፣ ማዞሪያዋን አሽከረከረ፣ በራች። መልሶ አወረዳት፣ ጠፋች። አሠሪው ጢሙን እያሻሸ ራሱ ይዞ ሞከረ፤ ለእሱም ጠፋች። ከዚያ ስለሚጥል በሽታ አላወራም። ኹሩጁ ቀረ። ሐኪሙም አየር ማጣት ነው ብሎ እንደጻፈለት በኋላ ሰማሁ።

እኔንም አላባረሩኝም። ማዳም ለብዙ ቀን ከትእዛዝ ሌላ ቃል አላወጣችልኝም፤ አንድ ጠዋት ግን ኩሽና መጥታ «ካሁን በኋላ ረሳሁ ስትዪኝ ምን ብዬ ልመንሽ?» አለችኝ። ልጆቿን አምና የምትተውልኝ ሴት ናት።

የወሎው ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ አንድ ዓርብ ደወለልኝ። ድምፁ ሰልሏል፤ ወሬው ግን ያው ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተርፌያለሁ። እጄ ትንሽ ትጨፍራለች፣ ለሠርጉ እየተለማመደች ነው።»

መሳቅ አልቻልኩም።

«እህቴ፣ ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ» አለ። «አሠሪዬ ነግሮኛል። አየሩ ነው፣ ልጁ ጤነኛ ነው ብላ የተናገረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት አለኝ። ወላሂ፣ ለእናቴም ነግሬያታለሁ፤ የማታውቃት ሴት ስትመርቅሽ ነው የዋለችው።»

ገባኝ። ካፊሌ ለአሠሪው ሲነግር የኔን ውሸት ዘሎታል። ሊሸፍነኝ ብሎ ይሁን ራሱን ሊሸፍን አላውቅም። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬም በወሎ አንድ እናት በጸሎቷ ታነሳኝ ነበር። ፈተነኝ፤ አልዋሽም። ምርቃቱ ጣፍጦኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ ስማኝ» አልኩት። «ፋኖሷ ቤንዚን ነበራት።»

«እ?»

«ማለዳ በእጄ ነው የሞላኋት። ረሳሁ ያልኩት ውሸቴን ነው። ካፊሌ ሲያየኝ ፈርቼ ነው። ፋኖሷ አትውረድ እያለችህ ነበር፤ እኔ ነኝ አፏን የዘጋሁት። ይቅርታ…» አልኩና ቃሉ ጆሮዬ ላይ ረከሰብኝ። በቀን ስንት ጊዜ የምለው ቃል ነው፤ ለተሰበረ ሳህንም ለፈሰሰ ወተትም ያልኩት። የሰው ነፍስ ላይ ስደርስ ሌላ አልተረፈኝም።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም።

«እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ስለዚያ የሽማግሌው ፋኖስ ምንም አላውቅም። ቢበራም ባይበራም ለኔ ያው ነበር። አንቺ ቤንዚን ነው ስትዪ ነው የወረድኩት። የአገሬ ልጅ ናት፣ ክፉ ካለ ትነግረኛለች ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም» አለ። አልጮኸም። ቢጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። ከዚያ «በይ፣ ሰዎች እየጠበቁኝ ነው፣ ደህና ሁኚ» አለኝ።

ስልኩን ግን ወዲያው አልዘጋውም። እየጠበቁኝ ነው ያላቸው ሰዎች ድምፅ ከጀርባው የለም፤ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ብቻ ነበር የሚሰማው።